ከመስኮት ሥር የተሰማው ጎል

መርማሪዋ ሳሎኑ ውስጥ እንደገባች መጀመሪያ የጠረጠረችው ሰው ሳይሆን የገዛ ጆሮዋን ነበር።

ግማሽ ግድግዳ በያዘው ቴሌቪዥን ላይ ተጫዋቾች ይሯሯጣሉ፣ ተመልካቹ ተነሥቶ እጁን ያወናጭፋል፣ ዳኛው ጉንጩን ነፍቶ ፊሽካውን ይነፋል። ድምፅ ግን የለም። ግራ ጆሮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ አይሰማም፤ ቀኙም ዛሬ ከዳኝ ብላ ክው አለች። ሳጅኑ የተሰበረ ብርጭቆ ረግጦ ሲያንኮሻኩሽ ስትሰማ ነው ነፍሷ መለስ ያለው።

ሟቹ ከቆዳ ሶፋው ወደ ፊት ተደፍቶ፣ ግንባሩ ጠረጴዛው ላይ እንዳረፈ ቀርቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ገብቷል። የመታው ሰው በአንድ ምት አልረካም፤ አንገቱንም ትከሻውንም አድቅቆታል። መዶሻው በተነሣ ቁጥር ደሙ ወደ ላይ እየተወረወረ ጣሪያው ላይ መስመር በመስመር ተረጭቷል። መዶሻው ራሱ ምንጣፉ ላይ ወድቋል፤ ከጎኑ አፉን የከፈተ የመሣሪያ ቦርሳ አለ። ሟቹ የጋራዥ ባለቤት ነበር። ሰፈሩ «ጉልቤው» ይለዋል፤ ይህን ስም ያወጣለት ጡጫው ነው፣ ቡጢውን ያልቀመሰ ጎረቤት አልነበረምና።

«አለቃ፣ ይሄ እንኳ አያደክመንም» አለ ሳጅኑ። ጡረታው የደረሰ፣ ነገር ቶሎ ተቋጭቶ ወደ ቤቱ መግባት የሚወድ ሰው ነው። «ዲሽ ሠራተኛው ነው። መዶሻው የሱ፣ ደሙ እጁ ላይ፣ በአፉም አምኗል። ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ለዐቃቤ ሕግ እናስረክበውና እፎይ እንላለን።»

«የታለ?»

«ክሊኒክ።»

«ምን ሆኖ?»

ሳጅኑ ኮፍያውን አስተካከለ። «የጋራዡ ሠራተኞች ከኛ ቀድመው ደርሰው ነበር።»

እሷ ሪሞቱን በጓንቷ ይዛ ድምፅ መጨመሪያውን ተጫነች። ማያው ሥር ያለው መስመር እስከ ጥግ ሞላ። ተጫዋቾቹ ግን ያለ ኮሽታ መራገጣቸውን ቀጠሉ።

«አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

«እኔ? ኧረ ምንም አልነካሁም! ስገባም ዝም ብሎ ነበር።»

«በግራዬ ሆንክብኝ። እስቲ ድገመው።»

«ስገባም ዝም ብሎ ነበር።»

ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወንፊት» የሚሏት በዚህ ነው። ጆሮዋ በእርግጥ አይሰማም፤ ሰውን የምታስደግመው ግን ለዚያ ብቻ አይደለም። ያየውን የሚናገር ሰው ሁለተኛ ሲጠየቅ ይሰለቸውና ያሳጥራል፤ ፈጥሮ የሚናገረው ደግሞ አልታመንኩም ብሎ ይጨምራል። ሁሌም አይሠራም፣ ግን ብዙ ሰው አስይዞላታል።

ቤቱና ጋራዡ በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው። የሟቹን ታናሽ ወንድም ያገኘችው በሳሎኑ መስኮትና በጋራዡ መካከል፣ ከአራት ሠራተኞች ጋር ቆሞ ነው። ሠላሳዎቹን አጋምሷል፤ እሱም መካኒክ ነው። ሠራተኞቹ ከአንገት እስከ እግራቸው ግሪስ በግሪስ ናቸው። እሱ የለበሰው ቱታ ግን የታጠፈበት መስመር እንኳ አልጠፋም። ዐይኑ ቀልቷል፣ የሁለቱ እጆቹ መገጣጠሚያ ተልጧል።

«እጅህን ምን አገኘው?»

«ያን ነፍሰ ገዳይ ስመታው ነዋ! ባትደርሱ ኖሮ እገድለው ነበር።» እጆቹን አሳያት። «ጋሼ አባቴም እናቴም ነበር።»

«ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«እዚሁ መስኮቱ ሥር ራዲያተር ሳጥብ። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመረ። ሰውየው ከውስጥ አልወጣም፤ ይሠራ ነበር። ጋሼም ጨዋታውን ያይ ነበር። ጎሉ ሲገባ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ሄድኩ፣ እስከ አሥር ሰዓት አብረን መኪና ሥር ነበርን። ይጠይቋቸው።»

ከሠራተኞቹ ትልቁ ራሱን ነቀነቀ። «እውነቱን ነው። ለአሥር ሃያ ጉዳይ ላይ መጣ፤ ጎሉ እንደገባ፣ እኔ ስልኬ ላይ ውጤቱን እያየሁ ነበር። ከዚያ በኋላ ከኛ አልተለየም። አሥር ሰዓት ላይ ሰውየው እጁ ደም ሆኖ እየጮኸ ሲወጣ አብረን ነው የያዝነው።»

መርማሪዋ ጆሮዋን ጠቆመች። «ወንድሜ፣ በግራዬ ቆመህ አመለጠኝ። ስለ ጎሉ ምን አልክ?»

«ጎሉ ሲገባ ሰማሁ። ኮሜንታተሩ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጮኸ፣ ያ ትልቅ ስፒከር መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ጋሼም ‹ይኼ ነው!› ብሎ ጠረጴዛውን ሲደበድብ ሰማሁት። ደስ ብሎት ነበር።»

«ገብተህ አብረህ አታይም?»

ሠራተኞቹ ዐይናቸውን ሰበሩ። ወንድምየው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጫማህ ዘይት ነው ይለኛል። ሳሎን አያስገባኝም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኳስ የማየው በጆሮዬ ነው፣ ከዚህች መስኮት ሥር።»

«ሰሞኑንም?»

«ሰሞኑን አልነበርኩም። መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ልሠራ ሄጄ አራት ቀን ቆይቼ ዛሬ ጠዋት ነው የገባሁት።»

ማድ ቤት ውስጥ የሟቹ ሚስት ዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዕንባ የለም። ቀኝ አንጓዋ አንድ ጊዜ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ድኗል፤ ቅንድቧ ላይ አሮጌ ስፌት ይታያል። መርማሪዋ ማን እንደሰበረው አልጠየቀችም፣ ግልጽ ነበር።

«እግዜር ያጽናዎት እህቴ። ምን ሰሙ?»

«ምንም። ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ቧንቧው ከተከፈተ እዚህ ምንም አይሰማም።»

«ይቅርታ፣ ጆሮዬ ነው።»

«ዕቃ እያጠብኩ ነበር።»

አሳጠረች። መርማሪዋ ልታልፈው ነበር።

«ዲሽ ሠራተኛው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥቼ ነበር፣ በሩን የከፈቱልኝ እትዬ ናቸው እያለ ይለፈልፋል» አለ ሳጅኑ።

«አላየሁም» አለች ሴትየዋ፣ ዐይኗን ከወለሉ ሳታነሣ።

መርማሪዋ ጓንቷን አውልቃ እጇን ልትለቃለቅ ቧንቧውን ብትከፍተው አየር ብቻ ፉጨት አሰማ። ቀስ ብላ ዘጋችው፣ ምንም ሳትናገርም ወጣች።

ከሳሎኑ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ተከራይ መምህርት ናት። አልጋዋ፣ ጠረጴዛዋ፣ ወንበሯ ሁሉ የፈተና ወረቀት ነው። መርማሪዋን ለማስቀመጥ አንድ ክምር አነሣችና የት እንደምታኖረው ጠፍቷት ታቅፋው ቀረች።

«ኧረ ባልሰማሁ!» አለች። «ያ መዶሻ... ምስማር የሚመታ መሰለኝ። ገመድ የሚያስይዝ። ስምንት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። አናደደኝና እኔም ግድግዳውን በጡጫዬ ደበደብኩት፤ ‹ቀስ በል፣ ሰው ይሠራል!› አልኩ። ወዲያው ቆመ።» ፊቷ ዐመድ መሰለ። «ቆመ እኮ። ጨዋ ሰው ነው ብዬ አመሰገንኩት።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«የሁለተኛውን ክፍል ወረቀት ጨርሼ ሰዓቴን ያየሁት ያኔ ነው። ዘጠኝ ተኩል።»

«ከዚያ በፊት ወይም በኋላ የኳስ ድምፅ?»

«አልሰማሁም። ደግሞ ከሦስት ቀን ወዲህ ሰላም ነው፤ ድሮ ኳስ ሲኖር ብርጭቆዬ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ውሃ ከሄደ ስንት ጊዜው ነው?»

«ዛሬ? ጠዋት ነው የሄደው፤ እስካሁን አልመጣም። ለምን?»

«ጠምቶኝ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ዛሬ ወንድማማቾቹ ተጣልተው ነበር?»

መምህርቷ ወረቀቶቹን አጥብቃ ታቀፈች። «እሳቸው ብቻ ናቸው የሚጣሉት። ምሳ ሰዓት ላይ በሠራተኞቹ ፊት በጥፊ አጮሉት። መሬት ወደቀ። ‹ተነሥና ሥራ› አሉት። ተነሣና ሠራ።»

ሳጅኑ ግቢው ውስጥ ይጠብቃት ነበር። «ዘጠኝ ተኩል ሟቹ ቢሞት ኖሮ ሃያ ጉዳይ ላይ ‹ይኼ ነው› አይልም ነበር። አንደኛው ተሳስቷል። አስተማሪዋ የሰማችው ምስማር ነው።»

«ሳሎኑ ውስጥ ስንት ምስማር አየህ?»

«አልቆጠርኩም።»

«ሄደህ ቁጠር።»

ሄዶ ተመለሰ። አንድም አልነበረም፤ ገመዶቹ ሁሉ በፕላስቲክ ቱቦ ነው የተሸፈኑት።

ክሊኒኩ ውስጥ ዲሽ ሠራተኛው ግራ እጁ ከአልጋው ብረት ጋር በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ የሕፃን ጭንቅላት አክሏል። ሁለት የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ አንድ ዐይኑ አብጦ ተከድኗል። ሐኪሙ ከተሰበሩት ሦስት ጣቶቹ አንዱ እንኳ ቢተርፍ ዕድለኛ ነው ብሏታል። ሰውየው የሁለት ልጆች አባት ነው፤ የሚያኖሩትም እነዚህ ጣቶች ናቸው። መርማሪዋ አዘነችለት፤ ንዴቷ ግን ከሐዘኔታዋ በለጠ።

«አልገደልኩም፣ እትዬ።»

«አምነሃል ይሉኛል።»

«እጄን ያ ብረት የሚነክሱበት ሞርሳ ውስጥ ከተቱት። እጀታውን ያጠበቀው ወንድምየው ነው። በሦስተኛው ዙር አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። ያኔ አባትህንም ገድለሃል ቢሉኝ አዎ እል ነበር።»

ወንበር ስባ ቀኝ ጆሮዋን ወደሱ አድርጋ ተቀመጠች። «ከመጀመሪያው ጀምር። ለምን ጠሩህ?»

«ለድምፅ። ሪሲቨሩ ሦስት ቀኑ ነው፤ ሁለት መቀበያ አለው። በአንዱ ጣቢያ እያዩ ሌላውን መቅረጽ ይቻላል። የቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ ሞቷል፤ አምና ቡድናቸው ሲሸነፍ ጠርሙስ ወርውረው ሰባብረውታል። ስለዚህ የሚሰማው በአምፕሊፋየሩ ብቻ ነው። ችግሩ ምን መሰለዎት፣ ዜናው ይሰማል፣ የቡጢው ጣቢያ ይሰማል፣ የኳሱ ጣቢያ ግን ምስል ብቻ።»

«ገመዱ ይሆን?»

በሕመሙ መካከል ሥራው ሲነሣ ፊቱ በራ። «እኔም መጀመሪያ እሱን ነው የጠረጠርኩት። ያ ድምፁን በቀይ መብራት የሚያስተላልፈው ቀጭን ገመድ አለ። ነቅዬ አየሁት፣ መብራቱ አለ። በሌላ ቀየርኩት፣ ያው ነው። ደግሞ ገመዱ ቢሆን ዜናውም አይሰማም ነበር። ከዚያ ገባኝ። የኳሱ ጣቢያ ድምፁን የሚልከው ታሽጎ ነው። ሪሲቨሩ እሽጉን እንዳለ ለአምፕሊፋየሩ ያቀብላል። አምፕሊፋየሩ አሮጌ ነው፣ መፍታት አያውቅም፤ ስለዚህ ዝም።»

«መድኃኒቱስ?»

«ሪሲቨሩ ራሱ ፈትቶ እንዲያቀብል ማዘዝ ነው። ፒሲኤም የሚል ምርጫ አለ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ሲቀየር ሪሲቨሩ ጠፍቶ ይነሣል፤ የጀመረው ቀረጻም ይቋረጣል። እሳቸው ደግሞ ከስምንት ተኩል ጀምሮ ቡጢ እያስቀረጹ ነበር። ‹ቀረጻዬን ብትነካ ጥርስህን አራግፈዋለሁ፤ አሥር ሰዓት ሲያልቅ ና› አሉኝ። ቦርሳዬን ትቼ ወጣሁ፣ ድልድዩ ጋ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ማንም አላየኝም። ስመለስ የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ገባሁ፤ ያን አየሁ። ላነሣቸው ሞከርኩ እኮ...»

«ምርጫውን ሳትነካው ነው የወጣኸው?»

«ምናለ ነክቼው ጥርሴን ባራገፉኝ! አልነካሁትም፣ ቀረጻው እስኪያልቅ ጠብቅ ስላሉኝ።»

«ድገምልኝ።»

«አልነካሁትም።»

መርማሪዋ ተነሣች። ስትወጣ ለዘበኛው ካቴናውን እንዲፈታ ነገረችው። ዘበኛው ትእዛዝ በጽሑፍ ካልሆነ ሲል፣ ወረቀት ከኪሱ አውጥታ በራሱ እስክሪብቶ ጻፈችለት።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ደሙ ጣሪያው ላይ ደርቆ ጠቁሯል። ሚስቲቱ በሩ አጠገብ፣ መምህርቷ ከጎኗ፣ ወንድምየውና አራቱ ሠራተኞች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ዲሽ ሠራተኛው በሳጅኑ ክንድ ተደግፎ ሲገባ ወንድምየው ወደ ፊት ተፈናጠረ።

«ይኼን ውሻ እዚህ...»

«ቁም» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋን አልጨመረችም። እሱ ግን ቆመ።

«አራት ሰዓት ላይ ይህን ሰው ለዐቃቤ ሕግ እንድናስረክብ ይጠበቃል። ስለዚህ ረጅም ጊዜ የለኝም። ትናንት ይህን ቤት አሽጌው ነው የወጣሁት፤ ሪሲቨሩን ማንም አልነካውም። ሳጅን፣ ዜና ክፈት።»

ሳጅኑ ከፈተ። የዜና አንባቢው ድምፅ ከትልልቆቹ ስፒከሮች ወጥቶ ክፍሉን ሞላው።

«አሁን የኳሱን ጣቢያ።»

ተጫዋቾች ብቅ አሉ። ድምፅ ጠፋ። ሳጅኑ መጨመሪያውን ደጋግሞ ተጫነ፤ ምንም የለም። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወንድምየው ግን የሚያየው ስፒከሮቹን ብቻ ነበር።

«ተበላሽቶ ነዋ» አለ። «ትናንት ይሠራ ነበር። ይኼ ሰውዬ አበላሽቶት ይሆናል።»

«እሱን ነው የምናየው። ይህ ዕቃ ኳሱን የሚያሰማው አንድ ምርጫ ሲቀየር ብቻ ነው። ምርጫው ሲቀየር ጠፍቶ ይነሣል፤ በዚያ ሰዓት የሚቀረጽ ነገር ካለ ይቆረጣል። ሳጅን፣ የቀረጻውን ዝርዝር አንብብልን።»

ሳጅኑ መነጽሩን አደረገ። «ቡጢ። ከስምንት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት። ሙሉ። አንድ ቦታ አልተቆረጠም።»

«ስለዚህ ጨዋታው ከተጀመረ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ምርጫውን የነካ የለም። ከአሥር ሰዓት በኋላ ደግሞ ቤቱ በሰው ተሞላ፣ ከዚያም ፖሊስ ገባ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ይህ ክፍል ውስጥ የኳስ ድምፅ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ አልተሰማም። መምህርቷ አልሰማሁም ያለችው ስላልነበረ ነው።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «አንተ ግን ኮሜንታተሩ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ሲጮኽ ሰምተሃል። መስኮቱ ሲንቀጠቀጥም ሰምተሃል።»

ላብ አጠመቀው። «ሰምቼ... ከሌላ ቤት ይሆናል።»

«ወንድምህ ጠረጴዛ ሲደበድብስ? እሱም ከሌላ ቤት ነው? ወንድምህ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሞቷል። መምህርቷ የሰማችው ምስማር አይደለም፤ ምስማር እዚህ ክፍል ውስጥ አንድም የለም። አንተ ከሠራተኞቹ ጋር የተቀላቀልከው ደግሞ ሃያ ጉዳይ ላይ ነው። ሟቹ ሃያ ጉዳይ ላይ በሕይወት ነበር የሚል ወሬ የሚጠቅመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አንተ ነህ። ጎሉን ከባልደረባህ ስልክ ላይ አየኸው፣ ድምፁን ከራስህ ጨመርክበት። አሥራ አንድ ዓመት ስለሰማኸው አልከበደህም። የጠፋህ አንድ ነገር ነው፤ አንተ መንገድ ላይ በነበርክባቸው ቀናት አዲሱ ሪሲቨር ገብቶ ኳሱ ዝም ማለቱ።»

«አለቃ» አለ ሳጅኑ፣ መጠየቅ ያለበትን መጠየቅ ስለሚወድ፤ «ገዳዩ እሱ ከሆነ እዚህ ገብቶ ነበር። ዝም ማለቱን አያይም?»

 መርማሪዋ ጥግ ላይ ያለውን ላስቲክ ገለጠች። ከሥሩ ዘይት የሚያንጠባጥብ ቱታ ነበር።

«ሥራ ላይ የዋለ መካኒክ ንጹሕ ቱታ ለብሶ አይቼ አላውቅም። ዛሬ ንጋት ላይ ሳጅኑ የተቃጠለ ዘይት በርሜላችሁን በሜንጦ ሲያስስ ይህን አገኘ። ዘይቱ ብዙውን ሸፍኖታል። ብብቱ ሥር ያለውን ደም ግን አልሸፈነውም። የዲሽ ሠራተኛው ልብስ ላይ ያለው ደም ክርኑና ጉልበቱ ላይ ነው፤ የወደቀ ሰው ለማንሣት የሞከረ ሰው ደም። ያን ጣሪያ ያቀለመ ሰው ደረቱ እንዲያ ንጹሕ ሆኖ አይወጣም።»

ወንድምየው በግድግዳው ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«የመኪና ቁልፍ ልመልስለት ነው የገባሁት» አለ። «ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ዞር እንኳ ሳይል ‹ውጣ› አለኝ። በቃ ‹ውጣ›። መዶሻው ቦርሳው አፍ ላይ ነበር። ድምፅ ይኑር አይኑር ምን አውቃለሁ፣ ደሜ ጆሮዬ ውስጥ ይጮህ ነበር።» ሠራተኞቹን ቀና ብሎ አየ። «አንድ ጊዜ ነበር ልመታው ያሰብኩት። ከዚያ እጄ አልቆም አለኝ።»

«የዚህ ሰው እጅ ላይም አልቆመም» አለች መርማሪዋ። «ገዳዩ እሱ እንዳልሆነ እያወቅህ እጀታውን ሦስት ዙር አጠበቅህ። ወንድምህ ዕድሜህን ሙሉ ያስተማረህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ተማርክ።»

ከሠራተኞቹ ትልቁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የዲሽ ሠራተኛውን ጣቶች ይዞ ሞርሳው ውስጥ የከተተው እሱ ነበር። ሳጅኑ ወንድምየውን አስነሥቶ በካቴና አሰረው፤ ሲያስረው እንደ ትናንቱ አልተቻኮለም።

መርማሪዋ ወደ በሩ ዞረች። «እህቴ፣ እርስዎ ጋ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልነበረም።»

 ሚስቲቱ ቀስ ብላ መናገር ጀመረች፤ ለመርማሪዋ ሳይሆን ለክፍሉ የምትናገር ይመስል ነበር።

«ምስማር እንዳልሆነ አውቄያለሁ። እኔን የመታበትን ድምፅ ሁሉ አውቃለሁ፣ ሥጋ ሲመታ እንዴት እንደሚሰማ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ በስሜ ጠራኝ። አልሄድኩም። እግሬ እንቢ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ መሄድ አልፈለግሁም። ከዚያ ይሄ» አለች፣ በጠማማ አንጓዋ ወደ ታሰረው ሰው እያመለከተች፤ «በጓሮ በር ሲወጣ በመስኮት አየሁት። ሰባት ዓመቱ ነበር ወደዚህ ቤት ስገባ። ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እሱን ሲመታው እኔ መሃል እገባ ነበር፣ እኔን ሲመታኝ እሱ።»

«ለዲሽ ሠራተኛውስ በሩን የከፈተለት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸኘሁት። ወጥቷል ካልኩ፣ ታዲያ ማን ገባ ልትሉኝ ነው።»

ወንድምየው ማልቀስ ጀመረ። 

 ዲሽ ሠራተኛው የሳጅኑን ድጋፍ ትቶ ወደ ሴትየዋ ሁለት እርምጃ ቀረበ። ጥርስ በሌለው አፉ ቃላቱ እየሾለኩበት ተቸገረ።

«ሞርሳው ላይ እያለሁ ‹እትዬ፣ ይንገሩልኝ፣ እርስዎ ነዎት የከፈቱልኝ› ብዬ ስጮህ...» ትንፋሽ ወሰደ። «ሰምተውኛል?»

እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፋሻውን አየችው። ደሙ በጨርቁ ላይ አዲስ ሆኖ እየሰረጸ ነበር።

«ሰምቼሃለሁ፣ ልጄ።»

«ልጄ አይበሉኝ» አለና ፊቱን አዞረ፤ የሳጅኑንም ክንድ መልሶ ያዘ።